በድንገተኛ ክፍል ያልታዩት ሕመምተኛ፦ ጅምላ ፍረጃና መዋቅራዊ ዘረኝነት በካናዳ ነባር ሕዝቦች ሕክምና

ሴፕቴምበር 19 ቀን 2008 ከቀትር በኋላ አቶ ብራያን ሲንክሌር የተባሉ የ45 ዓመት ሰው በካናዳ የማኒቶባ ክፍለ ግዛት ዋና ከተማ በሆነችው በዊኒፔግ ወደሚገኝ ትልቅ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ገቡ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አቶ ሲንክሌር ከአገሪቱ ነባር ሕዝቦች ወገን ሲሆኑ፣ ከአንድ ዓመት በፊት በደረሰባቸው የብርድ ጉዳት ምክንያት ሁለቱም እግሮቻቸው ተቆርጠው በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀሱ ነበሩ። በዚያው ዕለት ቀደም ብለው በአንድ የጤና ተቋም የተመለከቷቸው ሐኪም የሽንት ካቴተራቸው መዘጋቱን ጠርጥረው የሪፈር ወረቀት ጽፈው ወደ ሆስፒታሉ ልከዋቸዋል።

ሆስፒታሉ እንደ ደረሱ በመግቢያው ካለ ሠራተኛ ጋር ሲነጋገሩና ሠራተኛውም በወረቀት ላይ አንድ ነገር ሲጽፍ የጥበቃ ካሜራው ቀርጾታል። ስማቸው ግን ተራ በሚጠብቁ ሕመምተኞች መዝገብ ውስጥ ሳይገባ ቀረ። ወንበራቸውን እየገፉ ወደ መጠበቂያው አዳራሽ አመሩ፤ በዚያም 34 ሰዓት ቆዩ። በነዚያ ሰዓታት ነርሶች፣ ጥበቃዎችና የጽዳት ሠራተኞች በአጠገባቸው ደጋግመው አልፈዋል። አስመልሷቸው ወለሉ ተጸድቷል። ተራ ይጠብቁ ከነበሩት ሰዎች አንዳንዶቹ ሰውዬው ደኅና እንዳልሆኑ ለሠራተኞች ተናግረዋል። ሴፕቴምበር 21 ከእኩለ ሌሊት በኋላ መሞታቸው ሲታወቅ አስከሬናቸው መድረቅ ጀምሮ ነበር።

ለሞት ያበቃቸው ፔሪቶናይተስ የተባለው የሆድ ዕቃ ሽፋን ብግነት ሲሆን፣ መነሻውም የፊኛ ኢንፌክሽን ነበር። ካቴተሩ ተቀይሮ አንቲባዮቲክ ቢጀመርላቸው ኖሮ ሊድኑ ይችሉ ነበር። ይህን ለመሥራት ደግሞ ስፔሻሊስት አያሻም፤ በማናቸውም ጤና ጣቢያ የምትሠራ አንዲት ነርስ በሩብ ሰዓት የምትጨርሰው ነው።

ጉዳዩን የመረመረው የሞት ምክንያት አጣሪ ችሎት ሠራተኞቹን በየተራ ጠይቋል። አንዳንዶቹ ሰውዬው ሰክረው ያንቀላፉ መስሏቸው እንደነበር ተናገሩ። አንዳንዶቹ ቤት የሌላቸውና ከብርድ የተጠለሉ መስሏቸው ነበር። ሌሎቹ ደግሞ አስቀድመው ታይተው አልጋ የሚጠብቁ ናቸው ብለው ገምተዋል። ማንም «እናንተ ሰዎች አትታከሙም» ብሎ አልከለከላቸውም፤ ማንም አልሰደባቸውም። ጉዳዩን ለሕክምና ባለሙያ ይበልጥ አሳሳቢ የሚያደርገውም ይኸው ነው። ሁሉም ገምተዋል፤ ጠጋ ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም።

ዳኛው በዲሴምበር 2014 ባወጡት ሪፖርት ሞቱ ሊወገድ ይችል እንደነበር ገልጸው 63 ምክረ ሐሳቦችን አቅርበዋል። አብዛኞቹ የሚያተኩሩት በሕመምተኞች ፍሰት፣ በአመዘጋገብና በአዳራሹ አያያዝ ላይ ነው። ቤተሰቡ ከዚህ አስቀድሞ በ2014 መጀመሪያ ራሱን ከሂደቱ አግልሏል፤ ምክንያቱም የዘር ጥያቄ ወደ ጎን ተትቶ ወረፋና ወንበር ብቻ መነጋገሪያ ሆኗል የሚል ነበር። በ2017 ሐኪሞችና የሕግ ምሁራን ያሉበት አንድ የጥናት ቡድን ያወጣው ሰነድ የሞቱን ምክንያት በግልጽ ዘረኝነት ሲል ጠርቶታል። የመጠበቂያ አዳራሹ ተጨናንቆ ነበር የሚለው ማስተባበያ ብቻውን የማይበቃበት ምክንያት ግልጽ ነው። መጨናነቅ ሕመምተኛን ያዘገያል፤ አንድን ሕመምተኛ ለይቶ በ34 ሰዓት ውስጥ እንኳ እንዳይታይ የሚያደርገው ግን ሌላ ነገር መሆን አለበት።

ግምቱ እንዴት ይሠራል?

በ2021 በተደረገው ቆጠራ ካናዳ ውስጥ ነባር ሕዝቦች ተብለው የተመዘገቡት 1.8 ሚሊዮን ያህል፣ ማለትም ከጠቅላላው ሕዝብ 5 በመቶ ናቸው። እነርሱም ፈርስት ኔሽንስ፣ ኢኑዊትና ሜቲስ በሚባሉ ሦስት ታላላቅ ክፍሎች ይመደባሉ፤ በውስጣቸው ብዙ ቋንቋ፣ ብዙ አስተዳደር፣ ብዙ ታሪክ አለ። ጅምላ ፍረጃ የሚጀምረው ይህን ሁሉ ልዩነት አጥፍቶ «እነርሱ ጠጪዎች ናቸው፣ መድኃኒት ለሱስ ይፈልጋሉ፣ የታዘዘላቸውን አይፈጽሙም» በሚሉ ሁለት ሦስት ዐረፍተ ነገሮች ሲተካው ነው።

የድንገተኛ ሕክምና ባለሙያ በፍጥነት የሚያስበው ከዚህ በፊት ካያቸው ሕመምተኞች ጋር በማመሳሰል ነው። ይህ ችሎታ ባይኖር ኖሮ ሥራው ባልተቻለ ነበር። ነገር ግን ያው ፍጥነት፣ ሕመምተኛው ከመጠየቁና ከመመርመሩ በፊት በመልኩና በልብሱ ብቻ አንድ መልስ ያቀርባል። ያ መልስ አንዴ ከተሰጠ በኋላ የሚመጣው ምልክት ሁሉ ለዚያ መልስ ማስረጃ ይሆናል። ማስመለሱ የስካር ነው፤ ማንቀላፋቱ የስካር ነው፤ መንተባተቡም የስካር ነው። በተከታታይ ፈረቃ የሚገቡ ሠራተኞች ደግሞ ግምቱን እንደ ተጣራ ታሪክ ከቀደመው ፈረቃ ይረከባሉ። በአቶ ሲንክሌር ላይ የሆነው ይህ ነው። 34 ሰዓት ማለት ቢያንስ ሦስት ጊዜ የሠራተኛ ለውጥ የተደረገበት ጊዜ ነው፤ በእያንዳንዱም ለውጥ አዲስ ዓይን ገብቶ ነበር።

በስካር የሚመሳሰሉት ሕመሞች እነማን እንደሆኑ ለዚህ መጽሔት አንባቢ መንገር ሳያስፈልግ ይቀራል፤ ሆኖም በዝርዝር ማስታወሱ ጉዳት የለውም። የደም ስኳር ማነስ፣ የስኳር በሽታ የሚያስከትለው ኬቶአሲዶሲስ፣ ሴፕሲስ፣ ከጭንቅላት ጉዳት በኋላ የሚመጣ የደም መቋጠር፣ የጉበት በሽታ የሚያስከትለው የአእምሮ መናወጥና ማጅራት ገትር ሁሉ እግርን ያወላክፋሉ፣ አንደበትን ያሳስራሉ፣ ያስመልሳሉ፣ ያስተኛሉ። የሚያሳዝነው ከነዚህ ውስጥ አብዛኞቹ በነባር ሕዝቦች ዘንድ ከሌላው ሕዝብ ይልቅ የሚበዙ መሆናቸው ነው። ስካር ሌላው ሁሉ ተመርምሮ ከወጣ በኋላ የሚሰጥ ድምዳሜ እንጂ የመጀመሪያ ምርመራ ውጤት ሊሆን አይገባውም።

የአልኮል ተረት

ከነዚህ ፍረጃዎች መካከል ሥሩ እጅግ የጠለቀው ነባር ሕዝቦች በተፈጥሯቸው አልኮል የመቋቋም ኃይል የላቸውም የሚለው ነው። ይህ አባባል ከፀጉር ንግድ ዘመን ጀምሮ ሲነገር የኖረ ሲሆን፣ በ20ኛው መቶ ዓመት የሳይንስ ልብስ ለብሶ መጣ። በ1971 በካናዳ የሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ጥናት፣ ነባር ሕዝቦችና ኢኑዊቶች ከነጮች ይልቅ አልኮልን ከደማቸው የሚያስወግዱት በዝግታ ነው ሲል ደመደመ። ጥናቱ ወዲያው ትችት ገጠመው፤ ምክንያቱም የተነጻጸሩት ቡድኖች በጤና ሁኔታቸው፣ በአመጋገባቸውና በቀድሞ የመጠጥ ልማዳቸው አቻ አልነበሩም። ጉበት አልኮልን የሚያስወግድበት ፍጥነት ደግሞ በነዚሁ ነገሮች እንደሚለዋወጥ የታወቀ ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ በ1976 በአሜሪካ የታተመ የተሻለ ጥናት በአሜሪካ ነባር ሕዝቦችና በነጮች መካከል በአልኮል አወጋገድ ፍጥነትም ሆነ በጉበት ኤንዛይም ረገድ ልዩነት አላገኘም።

ነገሩ በዚህ ማብቃት ነበረበት፤ ግን አላበቃም። የመጀመሪያው ጥናት በተማሪዎች ማስታወሻ፣ በነርሶች ክፍልና በፖሊስ ጣቢያ ወግ ውስጥ ሲኖር፣ ሁለተኛው በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ቀረ። የተሳሳተ ጥናት የሚያደርሰው ጉዳት በዚህ ይለካል፤ አንባቢው አስቀድሞ የሚያምነውን ነገር ያረጋገጠ ጥናት ማስተባበያ አይደርስበትም።

የመጠጡን ልማድ በተመለከተ የሕዝብ ጤና ዳሰሳዎች የሚያሳዩት ሥዕል ከተረቱ የተለየ ነው። በካናዳ የፈርስት ኔሽንስ ማኅበረሰቦች ውስጥ ፈጽሞ የማይጠጡ አዋቂዎች ድርሻ ከጠቅላላው የካናዳ ሕዝብ ይበልጣል። በአንጻሩ ከሚጠጡት መካከል ከመጠን በላይ የሚጠጡት ድርሻ ከፍ ይላል። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ሁለተኛውን ብቻ አንሥቶ መናገር ግን ሐሰት ይሆናል። ችግሩ ያለባቸውም ቢሆኑ የችግሩ መነሻ በደም ውስጥ ሳይሆን በታሪክ ውስጥ ነው።

ነገርን ከሥሩ

የካናዳ መንግሥት በ1876 ባወጣው የሕንዶች አዋጅ ነባር ሕዝቦችን በተወሰነ መሬት ላይ አስፍሮ ኑሯቸውን በመንግሥት ወኪሎች ቁጥጥር ሥር አደረገ። ልጆቻቸው ከወላጆቻቸው ተነጥለው አብያተ ክርስቲያናት በሚያስተዳድሯቸው አዳሪ ትምህርት ቤቶች እንዲገቡ ተደረገ። ዓላማውም ቋንቋቸውንና ባህላቸውን ማስጣል እንደነበር መንግሥት ራሱ በኋላ አምኗል። በ2015 ሥራውን የጨረሰው የእውነትና የዕርቅ ኮሚሽን ሥርዓቱን የባህል ዘር ማጥፋት ብሎ ሰይሞ 94 የተግባር ጥሪዎችን አቅርቧል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሐኪም በሁለቱም ወገን ይታያል። ዶክተር ፒተር ብራይስ ነባር ሕዝቦችን የሚመለከተው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ዋና የሕክምና ኃላፊ ነበሩ። በ1907 በምዕራብ ካናዳ 35 አዳሪ ትምህርት ቤቶችን ጎብኝተው ያቀረቡት ሪፖርት እጅግ የሚያስደነግጥ ነበር። መጠይቃቸውን ከመለሱት 15 ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች መካከል ሩብ የሚሆኑት ሞተዋል፤ በአንዱ ትምህርት ቤት ደግሞ የሟቾቹ ድርሻ 69 በመቶ ደርሷል። ገዳዩ በአብዛኛው ቲቢ ነበር። መኝታ ቤቶቹ የታፈኑና የተጨናነቁ ሲሆኑ፣ የታመሙ ልጆች ከጤነኞቹ ጋር ይተኙ ነበር። ዶክተር ብራይስ የጠየቁት የአየር ማናፈሻ፣ የተለየ መኝታና የሠለጠነ ነርስ ነበር። መንግሥት ምክራቸውን አልተቀበለም፤ በ1921 በጡረታ ተሰናበቱ። በሚቀጥለው ዓመት በራሳቸው ስም ባሳተሙት ትንሽ መጽሐፍ ነገሩን ብሔራዊ ወንጀል ብለው ጠሩት። ዘመኑ ስለ ቲቢ መተላለፊያ አያውቅም ነበር የሚል መከራከሪያ በዚህ ሰነድ ፊት አይቆምም፤ ያውቅ ነበር።

በሌላው ወገን ደግሞ በ1942 እና በ1952 መካከል የተካሄዱት የአመጋገብ ሙከራዎች አሉ። የታሪክ ተመራማሪው ኢያን ሞስቢ በ2013 ይፋ እንዳደረጉት፣ በመንግሥት የተደገፉ ተመራማሪዎች ወደ 1,300 በሚጠጉ ነባር ሰዎች ላይ፣ ከነዚህም ውስጥ 1,000 ያህሉ በስድስት አዳሪ ትምህርት ቤቶች የሚገኙ ሕፃናት ላይ፣ ያለ ወላጅ ፈቃድ ሙከራ አድርገዋል። ልጆቹ በቂ ምግብ እንደማያገኙ ከመነሻው ታውቆ ነበር። ተመራማሪዎቹ ግን ረሃቡን ማስወገድ ሳይሆን እንደ ምቹ ላቦራቶሪ መጠቀምን መረጡ። ለአንዱ ቡድን ቪታሚን ሲሰጥ ሌላው ለንጽጽር በነበረበት እንዲቆይ ተደርጓል። የጥርስና የድድ ሁኔታ እንደ መለኪያ ስለተወሰደም በአንዳንዶቹ ትምህርት ቤቶች ውጤቱን እንዳያዛባ ሲባል የጥርስ ሕክምና ተከልክሏል።

ቲቢን የሚመለከተው የኢኑዊቶች ታሪክ ለብቻው ሊነገር የሚገባው ነው። ከ1950 ጀምሮ ሲ. ዲ. ሐው የተባለች መርከብ የኤክስሬይ መሣሪያ ጭና በየበጋው ወደ ሰሜን ዋልታ አካባቢ ትጓዝ ነበር። የመንደሩ ሰው ሁሉ ወደ መርከቧ ወጥቶ ደረቱ ይነሣል፤ በሽታው የተገኘበት ሰው ብዙ ጊዜ ወርዶ ቤተሰቡን ሳይሰናበት፣ ዕቃውን ሳይሰበስብ ወደ ደቡብ ይወሰዳል። በ1956 ከሰባት ኢኑዊቶች አንዱ በደቡብ የቲቢ ሆስፒታሎች ውስጥ እንደነበር ይነገራል። ቋንቋቸውን የሚያውቅ በሌለበት ቦታ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይተኛሉ። የሞቱት በዚያው ይቀበራሉ፤ ለቤተሰቡ መርዶ ያልተነገረበት፣ መቃብሩ የት እንዳለ ያልታወቀበት ጊዜ ብዙ ነው። የካናዳ ጠቅላይ ሚኒስትር ለዚህ አያያዝ በማርች 2019 ኢቃሉዊት ከተማ ተገኝተው ይቅርታ ጠይቀዋል።

የምርመራው ዓላማ መልካም ነበር፤ መድኃኒቱም ይሠራ ነበር። ለዚህ ነው ታሪኩ ለሐኪም የሚከብደው። ዛሬም በኢኑዊቶች ዘንድ ያለው የቲቢ መጠን በካናዳ ከተወለደው ከሌላው ሕዝብ ጋር ሲነጻጸር ወደ 300 እጥፍ የሚጠጋ ሆኖ ተመዝግቧል። በተጨናነቀ ቤት መኖር፣ የምግብ እጥረትና የጤና ባለሙያ እጦት ዋናዎቹ ምክንያቶች ናቸው። አያቷ በመርከብ ተወስደው ያልተመለሱባት ሴት ሳል ሲጀምራት ወደ ክሊኒክ ለመሄድ ብታመነታ፣ በካርዷ ላይ «ለሕክምና ተባባሪ አይደለችም» ተብሎ መጻፉ ግማሹን ታሪክ መሰረዝ ነው።

ከነዚህ በተጨማሪ ለነባር ሕዝቦች ብቻ ተለይተው የተቋቋሙ የመንግሥት ሆስፒታሎች ነበሩ። ብዛታቸው በ1960ዎቹ ሃያ ሁለት ደርሶ ነበር። በጀታቸው ከሌሎቹ ሆስፒታሎች ያነሰ፣ ሠራተኞቻቸውም ያልተሟሉ ነበሩ። በአልበርታ ከ1928 እስከ 1972 በሥራ ላይ በነበረው የማምከን ሕግ ነባር ሕዝቦች ከቁጥራቸው በላይ ተጠቂ ሆነዋል። ይህ የሩቅ ዘመን ነገር እንዳይመስል በ2017 በሳስካቱን ከተማ የተደረገ ገለልተኛ ማጣራት፣ ነባር እናቶች በምጥ ወይም በወለዱ ማግሥት ቱቦአቸውን እንዲያስቋጥሩ ግፊት ይደረግባቸው እንደነበር አረጋግጧል፤ የአካባቢው ጤና አስተዳደርም ይቅርታ ጠይቋል።

ማንም ሳይጠላ የሚፈጸም በደል

መዋቅራዊ ዘረኝነት የሚለው ቃል አንዳንድ ባለሙያዎችን ያስቆጣል። «እኔ ዘረኛ አይደለሁም» የሚለው መልስም ቶሎ ይመጣል። የጆርዳን ታሪክ የቃሉን ትርጉም ከማናቸውም ፍቺ ይልቅ ያብራራዋል።

ጆርዳን ሪቨር አንደርሰን በ1999 ከማኒቶባ ሰሜናዊ ክፍል ከኖርዌይ ሐውስ የክሪ ሕዝብ የተወለደ፣ ውስብስብ የተፈጥሮ ሕመም ያለበት ሕፃን ነበር። ሁለት ዓመት ያህል ሆስፒታል ከቆየ በኋላ ሐኪሞች ልዩ እንክብካቤ ወደሚያገኝበት ቤት ሊሄድ እንደሚችል ወሰኑ። ሌላ ልጅ ቢሆን ኖሮ የክፍለ ግዛቱ መንግሥት ወጪውን ይከፍል ነበር። የነባር ሕዝቦች ጤና ግን የፌዴራል መንግሥት ኃላፊነት ነው በሚል የክፍለ ግዛቱና የፌዴራሉ መንግሥት እኔ ልክፈል አንተ ክፈል እያሉ ከሁለት ዓመት በላይ ተከራከሩ። ልጁ በ2005 በአምስት ዓመቱ፣ አንድም ቀን በቤት ሳያድር፣ በሆስፒታል ውስጥ ሞተ።

በዚህ ክርክር ውስጥ የተሳተፈ አንድም ሠራተኛ ልጁን ጠልቶ ላይሆን ይችላል። እያንዳንዱ የመሥሪያ ቤቱን ደንብ ጠብቆ ይሆናል ወረቀቱን የመለሰው። ደንቡ ራሱ ግን አንድን ሕፃን በወገኑ ምክንያት ሌላው ሕፃን ከሚያገኘው አግዶታል። መዋቅራዊ የተባለው ይህ ነው። የካናዳ ምክር ቤት በዲሴምበር 2007 ሕክምናው በቅድሚያ ይሰጥ፣ የከፋዩ ጉዳይ በኋላ ይታይ የሚለውን የጆርዳን መርሕ በሙሉ ድምፅ ደገፈ። አፈጻጸሙ ግን ዘገየ፤ በጃንዋሪ 2016 የካናዳ የሰብአዊ መብቶች ችሎት መንግሥት መርሑን አጥብቦ በመተርጎም አድልዎ ፈጽሟል ሲል ወሰነ።

የጆይስ ኤቻኳን ሞት

ሴፕቴምበር 28 ቀን 2020 በኩቤክ ክፍለ ግዛት የሆነው ደግሞ ግምትና ጥላቻ በአንድ አልጋ ዙሪያ ሲገናኙ ምን እንደሚመጣ ያሳየ ነው። ወይዘሮ ጆይስ ኤቻኳን የ37 ዓመት የሰባት ልጆች እናትና ማናዋን ከሚባለው የአቲካሜክ ማኅበረሰብ ነበሩ። በሆድ ሕመም በጆሊየት ከተማ ሆስፒታል ገብተው ሳለ፣ በስልካቸው ፌስቡክ ላይ ቀጥታ ሥርጭት ከፈቱ። በሥርጭቱ ላይ በሥቃይ ሲጮኹና የሚንከባከቧቸው ሠራተኞች በሚያዋርድ ቃል ሲሰድቧቸው ይሰማል። በዚያው ዕለት ሞቱ።

የሞት መርማሪዋ ጌሃን ካሜል በ2021 ያወጡት ሪፖርት የሞቱ ምክንያት በሳንባ ውኃ መቋጠር መሆኑን ገለጸ። ወይዘሮዋ የልብ ሕመም እንዳለባቸው ይታወቅ ነበር። ሆኖም ለዚህ በቂ መሠረት ሳይኖር የሱስ ጥገኛ የሆኑና መድኃኒት በማጣት የሚሠቃዩ ናቸው የሚል ስያሜ ተሰጣቸው። ስያሜው ከተለጠፈ በኋላ መቁነጥነጣቸው የአየር እጥረት ምልክት መሆኑ ቀርቶ የጠባይ ችግር ሆነ። ማስታገሻ ተሰጣቸው፤ በአልጋው ላይ ታሰሩ፤ በቅርብ የሚከታተላቸው አልነበረም። ሳንባው ውኃ የቋጠረን ሰው በጀርባ አስተኝቶ ማሰር ምን ማለት እንደሆነ ለሐኪም ማስረዳት አያሻም። መርማሪዋ ሞቱ ሊወገድ ይችል እንደነበርና ዘረኝነትና ቅድመ ፍርድ ለሞቱ አስተዋጽኦ እንዳደረጉ ጽፈው፣ የኩቤክ መንግሥት የመዋቅራዊ ዘረኝነትን መኖር እንዲያምን መከሩ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፍራንሷ ለጎ ግን አልተቀበሉትም።

ከዚህ ሞት አንድ ዓመት አስቀድሞ፣ በሴፕቴምበር 2019፣ በዚያው ክፍለ ግዛት አንድ አጣሪ ኮሚሽን ነባር ሕዝቦች በሕዝብ አገልግሎት ተቋማት መዋቅራዊ አድልዎ እንደሚደርስባቸው ገልጾ 142 የተግባር ጥሪዎችን አቅርቦ ነበር። ሆስፒታሎችም በስም ከተጠቀሱት ዘርፎች አንዱ ነበሩ።

መለካት የተቻለው

በግለሰቦች ታሪክ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ እነዚህ ለየት ያሉ አጋጣሚዎች ናቸው የሚል ነው። በጃንዋሪ 2022 በካናዳ የሕክምና ማኅበር መጽሔት የታተመ ጥናት ለዚህ መልስ ይሰጣል። ተመራማሪዎቹ በአልበርታ ከ2012 እስከ 2017 የተደረጉ ከ11 ሚሊዮን በላይ የድንገተኛ ክፍል ጉብኝቶችን መረመሩ። የካናዳ ትሪያጅ ሕመምተኛውን ከ1 እስከ 5 የሚመድብ ሲሆን 1 እጅግ አጣዳፊ ነው። የፈርስት ኔሽንስ አባላት ከሌሎች ይልቅ ዝቅተኛ አጣዳፊነት የሚሰጣቸው ሆኖ ተገኘ። ዕድሜ፣ ጾታና ሌሎች ሁኔታዎች ታሳቢ ከተደረጉ በኋላም በበርካታ የበሽታ ዓይነቶች ልዩነቱ አልጠፋም። ከነዚህ አንዱ የረጅም አጥንት ስብራት መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። ስብራት በኤክስሬይ የሚታይ ነገር ነው፤ የአንዱ ሰው ስብራት ከሌላው የሚቀልበት የሕክምና ምክንያት የለም።

በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ደግሞ በ2020 አንድ ክስ ተሰማ። የድንገተኛ ክፍል ሠራተኞች በነባር ሕመምተኞች ደም ውስጥ ስላለው የአልኮል መጠን በግምት ይጫወታሉ የሚል ነበር። መንግሥት ያስጠናው ገለልተኛ ምርመራ ወደ 9,000 የሚጠጉ ሰዎችን አነጋገረ። የተባለው ጨዋታ በተደራጀ መልክ መካሄዱን የሚያረጋግጥ ማስረጃ አላገኘም። ያገኘው ግን ከዚያ የሰፋ ነው፤ ከመላሾቹ ነባር ሰዎች 84 በመቶ የሚሆኑት በጤና አገልግሎት ውስጥ አንድ ዓይነት አድልዎ እንደደረሰባቸው ተናገሩ። ብዙዎቹ ወደ ሆስፒታል ሲሄዱ እንዳይናቁ መልካም ልብሳቸውን እንደሚለብሱ፣ ምስክር እንዲሆን ሰው ይዘው እንደሚሄዱ ወይም እስኪብስባቸው ድረስ ጨርሶ እንደሚቀሩ ገልጸዋል። ዘግይቶ የመጣ ሕመምተኛ የባሰ ውጤት ይኖረዋል፤ የባሰው ውጤትም ተመልሶ ስለ ራሳቸው ግድ የላቸውም ለሚለው ፍረጃ መረጃ ሆኖ ይቀርባል።

እየተሞከረ ያለው

ለዚህ ችግር ቀደም ሲል የተሞከረው መድኃኒት ስለ ባህላቸው ትምህርት መስጠት ነበር። የሁለት ሰዓት ገለጻ ይሰጣል፤ ሠራተኛው ፈርሞ ይወጣል። ይህ ሲከፋ ፍረጃውን በአዲስ ፍረጃ መተካት ይሆናል። ከዚህ የተለየ አካሄድ ያስተዋወቁት የኒውዚላንዷ ማኦሪ ነርስ ኢሪሃፔቲ ራምስደን ናቸው። ባህላዊ ደኅንነት ብለው የሰየሙት ሐሳብ ትኩረቱን ከሕመምተኛው ባህል ወደ ባለሙያው ሥልጣን ያዞራል። አገልግሎቱ አክብሮት የተሞላበትና ከአደጋ የራቀ መሆኑን የሚወስነው ሰጪው ሳይሆን ተቀባዩ ነው። የኒውዚላንድ የነርሶች ምክር ቤት በ1992 ይህን በሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ አስገብቷል። የአቲካሜክ ሕዝብ ምክር ቤትም በኖቬምበር 2020 በሟቿ ስም የጆይስ መርሕ የተባለ ሰነድ አውጥቷል። ይዘቱ ነባር ሕዝቦች ያለ አድልዎ አገልግሎት የማግኘትና በጤና ጉዳይ ያላቸውን የራሳቸውን ዕውቀት የማስከበር መብት ነው።

በዊኒፔግ፣ በኤድመንተንና በካልጋሪ በርካታ ኢትዮጵያውያን የጤና ባለሙያዎች ይሠራሉ። ከውጭ የሚመጣ ባለሙያ የዚህ ታሪክ ወራሽ አይደለም፤ ይሁንና ግምቱን በመጀመሪያዎቹ ወራት ከባልደረቦቹ ሊወርስ ይችላል። በፈረቃ ርክክብ ላይ «የተለመደው ነው» የተባለለትን ሕመምተኛ ስሙን ጠርቶ፣ የደም ስኳሩን ለክቶ፣ የሰውነት ሙቀቱንና የልብ ምቱን ወስዶ እንደገና ከመጀመሪያው መመርመር ከደቂቃዎች በላይ አይወስድም። በካርዱ ላይ «ሱሰኛ» ወይም «ተባባሪ ያልሆነ» ከማለት ይልቅ የታየውን ብቻ መጻፍም እንዲሁ ነው፤ ካርዱን በሚቀጥለው ፈረቃ የሚያነበው ባለሙያ ፍርዱን የሚጀምረው ከዚያ ቃል ነውና።

የካናዳ የሕክምና ማኅበር በ1867 የተመሠረተ ነው። ማኅበሩ የራሱን ቤተ መዛግብት፣ የ1971ዱ ጥናት የወጣበትን መጽሔት ጨምሮ፣ ከ150 ዓመት በላይ ወደ ኋላ ሄዶ አስመረመረ። ሴፕቴምበር 18 ቀን 2024 ፕሬዚዳንቷ ዶክተር ጆስ ሬመር በቪክቶሪያ ከተማ በተደረገ ሥነ ሥርዓት በማኅበሩ ስም ነባር ሕዝቦችን ይቅርታ ጠየቁ። በይቅርታው ውስጥ ማኅበሩና አባላቱ በፈጸሙት ብቻ ሳይሆን እያዩ ዝም ባሉትም ነገር ተጠያቂ መሆናቸው ተገልጿል። ሥነ ሥርዓቱ በተካሄደ ማግሥት አቶ ሲንክሌር በዊኒፔጉ ድንገተኛ ክፍል በር ከገቡ 16 ዓመት ሞላቸው።